ግማሽ መስኮት

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፣ ቆንጥጠሽ ሰው ላደረግሽኝ እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ስትነሺ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚለው ጉልበትሽስ ዘይት አገኘ ወይ? ጋሼ ባለቤትሽ እንደምን ናቸው? ልጆቹስ? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? አሁንም ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው? ሳሏስ ረገብ አላለላትም? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ ቤት ሽታ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆቱ ልቤ ላይ፣ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ተጣብቀው ሁለቱም አልላቀቅ ብለውኛል።

ይህን የምታነብልሽ ልጅሽ እዚህ ላይ ትንሽ ትቁምና ጽሕፈቱን ታሳይሽ። አየሽው? ማን ጻፈው ትያለሽ? ወንድምሽ ነው! በገዛ እጁ፣ በገዛ ብዕሩ! የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህሯ በመጨረሻው ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ በማስተማር ዘመኔ እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም አለችኝ። አብረውኝ የተማሩት በክፉ ተርጉመውት ሲንከተከቱ ነበር፤ ምቀኛ የትም አይጠፋም። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ የምንሠራበት ሕንፃ መጋዘን ጠባቂ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ደህና ነኝ በልልኝ ስለው፣ በደስታና በተድላ እንደ ዘንባባ ለምልሜ እገኛለሁ ብሎ ይጽፋል። አፓርታማ ተከራየሁ በልልኝ ስለው፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ አፓርታማ ብሎ ጨመረበት። ከእንግዲህ ማጋነን ካስፈለገ ራሴ አጋንናለሁ፤ ለዚህ ለዚህ ሰው አላስቸግርም።

እማዬ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትመጣ አንተ ጋ ማረፍ ትችላለች ወይ ብለሽ ላክሽብኝ። መልስ አለኝ። ግን ቤቱን ሳታውቂው መልሱ አይገባሽምና ልጅሽ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘል ተቆጪያት። አንቺኑ ነው የመሰለችው፤ ትዘላለች።

ቤቱን ያገኘልኝ ደላላ ምላሱ ቅቤ የተቀባ ነው። ብርሃን የሚጠጣ፣ አየር የሚተነፍስ ቤት አለኝ ብሎ አምስተኛ ፎቅ አስወጣኝ። ሊፍቱ አይሠራም፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበርና የሰው ቆሻሻ ተጠራቅሞበት በሩ ላይ ሰንሰለት ተደርጎበታል። ደረጃው ላይ በየፎቁ ሌላ ሽታ ይቀበልሻል። መጀመሪያ የከረመ ዘይት፣ ቀጥሎ የድመት ሽንት፣ ከዚያ የረጠበ ካልሲ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ስብሰባ ይቀመጣሉ። ቱ! ስጽፈው እንኳን አፍንጫዬን ያዝኩ።

ክፍሉን ሲከፍትልኝ በሩ አልጋውን መትቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የቀረውስ አልኩት። የቀረው ምን ያደርግልሃል፣ አንተ ቀጭን ነህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በጎን ገባሁ። በሩን ለመዝጋት አልጋው ላይ መውጣት አለብኝ። እግሬን ስዘረጋ ጣቶቼ ግድግዳውን ሰላም ይላሉ፤ እጄን ካነሳሁ ኮርኒሱን እነካለሁ። እዚህ ቤት ማዛጋት የሚቻለው በየተራ ነው፤ መጀመሪያ አፍ ይከፈታል፣ ከዚያ ክንድ ይዘረጋል። ፍራሹን ገልብጬ ያየሁትን አልነግርሽም። ያየሁት ነገር በእግሩ ይሄድ ነበር። ስለ ኪራዩ ደግሞ አትጠይቂኝ፤ ደመወዜ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ይሄዳል። ከዚህ የረከሰ ግን በዚህ ከተማ የለም። ፈልጌ ፈልጌ እግሬ ቀጥኗል።

አሁን ጉዱን ስሚ። በገባሁ በሳምንቱ የትኋን መድኃኒት ልረጭ አልጋውን ስስብ፣ ከግድግዳው ሥር ጥግ ላይ አንድ የአውራ ጣት ምልክት አየሁ። አጎንብሼ ጣቴን ባሳርፍበት ልክክ አለ። የራሴ ጣት ነው!

የኔን ሥራ ታውቂው የለ? ጂፕሰም የሚሉት ነጭ ሰሌዳ አለ፤ እሱን ብረት ላይ በቪስ እየመታን፣ መጋጠሚያውን በዱቄቱ እየደፈንን፣ አንዱን ክፍል ሁለት ሦስት እናደርጋለን። ሠራተኛው ሁሉ ሲጨርስ እርሳስ አውጥቶ ጥግ ላይ ስሙን ይጽፋል። እኔ ያኔ መጻፍ ስለማልችል አውራ ጣቴን ዱቄቱ ሳይደርቅ እጫንበታለሁ። በዚህች ከተማ የኔ ጣት ያላረፈበት ሰፈር የለም፤ ፖሊስ ቢፈልገኝ ሲያሳድደኝ ይደክማል። ይህንንም አፓርታማ ከጥቂት ዓመት በፊት የሸነሸንነው እኛ ነን። በደረጃ ሳይሆን ዕቃ በምንስብበት ገመድ በኋላ በኩል እንገባ ስለነበር አላወቅሁትም ነበር። ፎርማናችን ያኔ የምትሠሩት ዕቃ ማስቀመጫ ነው ብሎን ነበር። አልዋሸም። ዕቃው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ግድግዳው ግን፣ እታለም፣ ልንገርሽ፣ እንከን የለውም። ውሃ ልክ የሚሉትን መለኪያ ብታሳርፊበት አረፋዋ መሃል ላይ እንደ ሕፃን ትተኛለች። ሽታው፣ በረሮው፣ እርጥበቱ ከየትም ይምጣ፤ ግድግዳው የወንድምሽ ነው። ችግሩ ያለው መስኮቱ ላይ ነው። ክፍሉ ለሁለት ሲከፈል መስኮቱ አንድ ብቻ ነበር፣ አከራይዋ ደግሞ ሌላ መስኮት አላወጣም አለች። ስለዚህ ግድግዳዬ መጥቶ መስኮቱን መሃል ለመሃል ገመሰው። ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የጎረቤቴ። መስኮቱ ተንሸራታች ነው፤ መስታወቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዲያልፍ በግድግዳው ጫፍ የጣት ውፍረት የምታህል ክፍተት ትቻለሁ። ያኔ ፎርማኑ ይህችን ክፍተት አይቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። መዘዙ እንዲህ ነው፦ እኔ ስከፍት የኔ መስታወት ወደ ጎረቤቴ ሄዶ እሷ በድርብ መስታወት ትታፈናለች፤ እሷ ስትከፍት የሷ ወደኔ መጥቶ እኔ እታፈናለሁ። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ አየር ማግኘት አንችልም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዕድሜ አንቺን ታህላለች፤ ምላሷ ግን ከመርፌዋ ይሾላል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ በካውያ ትተኩሳለች፣ እንፋሎቱ ክፍሏን ገላ መታጠቢያ ያስመስለዋል። ስለዚህ መስኮቱ ቀን ቀን የሷ ነው ትላለች። እኔም ከሥራ ስገባ ያ እንፋሎትና የሰው ሱሪ ላብ በክፍተቷ ሾልኮ ፍራሼ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። የማላውቀው ሰው ላብ! የዘመዴ ቢሆን እንኳን በቻልኩት። በገባሁ ሰሞን ግድግዳው የኔ ሥራ ነው ብዬ ጉራዬን ነፍቼባት ነበር፤ አፌ መች ያርፋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም የለኝም። አንተ ግንበኛ፣ መስታወትህን ውሰድልኝ ትለኛለች። ግንበኛ አይደለሁም፣ የጂፕሰም ባለሙያ ነኝ እላታለሁ። ባለሙያማ ብትሆን መስኮት እንደ ዳቦ አትቆርስም ነበር ትለኛለች። አየር ልትሸጪ ነው ወይ፣ ለምን አታካፍይኝም ስላት፣ የሠራኸውን ግድግዳ ተንፍሰው ትለኛለች። መስታወቱን እኔ ስገፋ እሷ ስትመልስ፣ ሐዲዱ ተፈጭቶ አለቀ።

አከራይዋን እሜቴ ክልክል እላታለሁ። የምትኖረው ከእኛ በታች ነው፤ ቁልፎቿን እያንሿሿች ስትመጣ ድምፅዋ ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። ምስማር መምታት ክልክል ነው። ዓሣ መጥበስ ክልክል ነው። መዝፈን ክልክል ነው። እንግዳ ማሳደርማ ከሁሉ የባሰ ክልክል። የገላ መታጠቢያው ኮርኒስ ከላይ ፎቅ ሽንት ቤት ቱቦ ሥር በስብሶ፣ ስንታጠብ የማይነገር ነገር ራሳችን ላይ ሲንጠባጠብ ግን ክልክል አላለችም። ያ ኮርኒስ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል። የማጠቢያው ገንዳ ቀዳዳ ላይ የስንቱ ሰው ጠጉር ተጠቅልሎ እንደ አይጥ ተኝቷል። እዚያ የምታጠበው ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ገጥሜ ነው፤ ስወጣ ደግሞ ስገባ ከነበርኩት የባሰ ቆሽሼ እወጣለሁ። ባለሙያ መሆኔን ካወቀች ወዲህ አከራይዋ በነፃ ጠግንልኝ ትለኝ ነበር። በዚህ እጅ የባንክ አዳራሽ ኮርኒስ ተሠርቶበታል፣ የሰው ሽንት አይነካም ብያት ነበር።

እንዲህ ስንኖር ደብዳቤሽ ደረሰ። የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰው ሳላስቸግር፣ ራሴ። አንድ ነገር ግን እወቂልኝ፤ እኔ ማንበብ የምችለው ጮክ ብዬ ነው። በሆዳቸው የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ እዚያ ገና አልደረስኩም፣ ድምፄን ካልሰማሁ አይገባኝም። የልጅሽ ጽሕፈት ደግሞ፣ ይቅር ትበለኝና፣ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ፊደል እየቆጠርኩ፣ እየጣልኩ እያነሳሁ ሄድኩ። ሰላምታውን ጨርሼ እማዬ ጋ ስደርስ አንድ ቃል ላይ ተተከልኩ። ትን… ትን… እያልኩ ስዳክር፣ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ቀጥሎ፣ ትንፋሿ ነው! ትንፋሿ እያጠራት! ቀጥል! የሚል ጩኸት መጣ።

ክው አልኩ። ደብዳቤሽን የምሰማው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ያ የምኮራበት ግድግዳ ሹክሹክታ እንኳን የማያስቀር ኖሯል። ቀጥል ስላለችኝ ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ? እማዬ ከበር እስከ ጓሮ ስትሄድ መሃል ላይ እንደምትቀመጥ፣ የኛ ሐኪም ቤት ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንደ ጻፈላት፣ እንግዳ ቤት እንዳትይዝ አቅም እንደሌለ፣ ልጄ ጋ ካልሆነ አልሄድም እንዳለች፣ ሁሉንም አነበብኩ። ስጨርስ ከማዶ፣ ቀጠሮዋን ዘለልከው፣ መቼ ነው ያለው ሐኪሙ? አለችኝ። ተመልሼ ብፈልግ እውነትም ዘልዬዋለሁ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። ጊዜ የለም።

እኔ ግድግዳውን እያየሁ ቀረሁ። እዚህ እማዬን አመጣለሁ? ሰው ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ታሞ በሚወጣበት? ወዲያው በሬ ተንኳኳ። ከገባሁ ጀምሮ ሰው አንኳኩቶ አያውቅም፤ ሰፊዋ ናት። ሻይ አልያዘች፣ ሰላምታ አልሰጠች፤ በበሩ ስንጥቅ ፊቷን ሰክታ፣ ካውያዬን ባጠፋው ነገ ራቴን አላገኝም፣ እናትህ ደግሞ እንፋሎት ውስጥ ከዋሉ ያልቅላቸዋል፤ ስለዚህ ግድግዳህን ቅደድ አለችኝ። መስኮቱ ሥር ትንሽ ቢቀደድ የትኛውም ወገን ቢከፈት አየሩ ለሁለታችንም ይደርሳል አለች። ሆዴን ቅደድ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር አልኳት። ለምንስ እስካሁን አልነገርሽኝም ስላት፣ ነግሬሃለሁ፣ አንተ ስለ ግድግዳህ ስታወራ ጆሮህ አይሠራም ብላኝ ሄደች። ይቺ ሴት አንቺን ብትተዋወቅ እኔ አለቀልኝ።

በመጀመሪያ ግን እሜቴ ክልክል መፍቀድ ነበረባት። ወረድኩ፣ ለመንኩ። እንግዳ ክልክል ነው አለች። እንግዳ አይደለችም፣ እናቴ ናት አልኩ። እናት ውሃ አትጠጣም? ሽንት ቤት አትሄድም? አለችኝ። ያን ጊዜ ኮርኒሱን አስታወስኳት። ዓይኗ በራ። እስኪድኑ ብቻ ነው፣ እስኪያረጁ አይደለም አለች። እሱስ አርጅታ ነው የምትመጣው አልኳት፤ አልሳቀችም፤ መሳቅም ክልክል ነው።

ኮርኒሱን እንዴት እንደሠራሁት ጋሼ ባሉበት አይነበብ፣ ቁርሳቸውን ይመልሳሉ። የበሰበሰውን ሰሌዳ ስነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈረካክሶ፣ ውስጡ ሲጠራቀም የኖረው ሁሉ አንገቴ ሥር ገብቶ ጀርባዬን ተከትሎ ወረደ። ሙቅ ነበር፣ እታለም! ሙቅ! ላይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ውሃ ለቀቀ። መሰላሉ ላይ ቆሜ፣ አፌን በሻርፕ አስሬ፣ የባንክ አዳራሽ የሠራ እጄ የሰው ቱቦ እያሰረ፣ በልቤ እማዬ እያልኩ ጨረስኩት። ገላዬን ሦስት ጊዜ ታጥቤ አሁንም ራሴን ጠረጥረዋለሁ። ኮርኒሱ ግን የታጠበ ነጠላ የተሰጣበት ነው የሚመስለው፤ ንጣቱ!

በማግስቱ ግድግዳዬን ቀደድኩት። መስኮቱ አጠገብ፣ ትራስ የምታህል። መጋዙ ሲገባበት እኔ ነኝ የታመምኩት። ሰፊዋ ከሱሪ የተረፈ ጨርቅ ገጣጥማ በሁለቱም ወገን መጋረጃ ሰፋችበት። መስታወቱን በሷ በኩል ከፈተችው፤ አየሩ መጋረጃውን ነፍቶ ወደኔ አልጋ መጣ። ይህ ከተማ ነውና ንጹሕ አልልሽም፤ የመኪና ጭስና የመንገድ አቧራ አለበት። ግን ይንቀሳቀሳል። እማዬ ራሷን በዚያ በኩል አድርጋ ትተኛለች።

የከፋው ቀን ግን ትናንት ነበር። እሜቴ ክልክል አዲሱን ኮርኒስ ልትመርቅ መጥታ፣ በሬ ክፍት ስለነበር መጋረጃውን አየችው። ይሄ ምንድን ነው? አለች። ግድግዳዋን እንደ ቀደድኩ ካወቀች እኔም እማዬም ደረጃው ላይ ነን። ምላሴ ደረቀ፤ አስቢው፣ የኔ ምላስ! ሰፊዋ ከማዶ ቀድማኝ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነው፣ ያኔ ርካሽ ሠራተኛ ቀጥረውብን አለች። አከራይዋ ወደኔ ዞራ፣ አንተ ባለሙያ ነህ አይደል፣ እውነቷን ነው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። እታለም፣ የኔ ጣት ምልክት እኮ ከእግሯ ሥር ነበር። የውሃ ልኳ አረፋ መሃል ላይ የምትተኛበት ግድግዳ! አዎ፣ የሠራው ሰው እጁ አይረባም አልኳት። እኔም ያኔ ጠርጥሬው ነበር፣ ፊቱም ደስ አይልም ነበር አለች። እሱንም ተቀበልኩ። በል ድፈነው አለችኝ። እደፍነዋለሁ፣ ዱቄቱ ግን ከገበያ ጠፍቷል አልኳት። እማዬ ታክማ እስክትመለስ ድረስ ከገበያ እንደ ጠፋ ይቆያል። አከራይዋ ስትሄድ ከማዶ አንዲት ሴት አፏን በሱሪ ጨርቅ ይዛ ስትስቅ እሰማ ነበር።

ስለዚህ መልሱ፣ ትምጣ ነው።

ከመናኸሪያው እኔ እቀበላታለሁ፤ ደረጃውን በጀርባዬ አወጣታለሁ። አንተስ የት ልትተኛ ነው እንዳትይ፤ ያ አጋናኝ መጋዘን ጠባቂ በዱቄቱ ከረጢቶች መሃል ቦታ ለቆልኛል። ነጠላ ጫማ ያዢላት፣ መታጠቢያው ወለል ባዶ እግር አይረገጥም። የራሷን አንሶላ ትያዝ። የሐኪሙን ወረቀት አትርሱ። ቤቱ ሲሸታት የወንድሜ ጥፋት አይደለም በይልኝ፤ ግድግዳውን ግን አትደገፍበት፣ ከዛሬ ጀምሮ እጁ የማይረባ ሰው የሠራው ነው።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ስለ ጉልበትሽ ዘይት ያሰቡበት እንደሆነ ጠይቄአለሁ። ለትልቁ ልጅሽ ሰላም በይልኝ፤ ቁመቱ በሩን ካለፈ ጂፕሰም አስተምረዋለሁ። መንታዎቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ ማን ማን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። አክስቴን ጥርሷ እንዴት ሆነ በያት፤ ከኔ ጋር ከተከራከረች ወዲህ ያላት ያው አንዱ ነው ወይ? ለምታነብልሽ ልጅሽ ልዩ ሰላምታ አለኝ፤ ይህን ስትጨርስ ለእማዬ እንደገና ታንብብላት። በሆዷ ሳይሆን ጮክ ብላ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜአለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው በያት።

የአንቺው ጂፕሰም ባለሙያ ወንድምሽ

ከአምስተኛው ፎቅ፣ ከመጋረጃው ወዲህ
ጥር ፲፰ ቀን